የማትሄደው ብስክሌትና የግራካሱ ዳገት

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ የሚጠበቅበት ወቅት እንደነበር፣ ከዋጃ ወዲያ ያለው መንገድም በጦርነቱ ተዘግቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና እንዳልነበር ግን አልረሳም። እኔ ያን ጊዜ ሥራ አቁሜ ቤት ገብቻለሁ። ጡረታ ወጣሁ እላለሁ እንጂ ጡረታ የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ጡረታ ያወጣኝ እጄ ነው። መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ የጎማ እምብርት ውስጥ የሚገቡትን ጥቃቅን የብረት ኳሶች አይደረድርም፤ አንዷ ካመለጠች አፈር ውስጥ ስትፈልግ ትውላለህ።

ሙሔ እባላለሁ። ቆቦ ውስጥ ብስክሌት እየነዳ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ልጆቼ “አባ፣ የሠራኸውን ጻፈው፣ ይቀመጥልን” እያሉ ስለነዘነዙኝ ነው እስክሪብቶ የያዝኩት። ትምህርቴ ትንሽ ናት፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፣ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ እዚህ ላይ በዋናነት የምነግራችሁ ግን ሥራ ካቆምኩ በኋላ ስለገጠመኝ የመጨረሻ ሥራ ነው። ቆማ ስለምትሽከረከር ብስክሌትና ስለ ዳገት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ቆቦ ገበያ ዳር አንድ ግራር ሥር ነበር የሚሠሩት። ግራሩ ጥላም ነው፣ ደንበኛ አምጪም ነው፤ እሾሁን መንገድ ላይ እየጣለ ጎማ ያስተነፍስልናል። ብስክሌት እየገፋ የመጣ ሰው ሰላምታውን ሲጨርስ ምን ሆነብህ ብለው አይጠይቁትም። “የት ነው የምትነዳት?” ነው የሚሉት። ሰውየው ወንዝ ውስጥ አቋርጦ የሚመጣ ከሆነ ሰንሰለቱን ገና ሳያዩት ናፍጣና ጨርቅ ያዘጋጃሉ፣ አሸዋ በልቶታል ማለት ነው። ከሮቢት በአስፋልት የሚመጣ ከሆነ ፍሬኑን ይተዉና ኮርቻውን ይመለከታሉ። ደንበኛው አንዳንዴ ይቆጣል፤ ብስክሌቴን ሳስጠግን አገሬን ለምን ይጠይቁኛል ይላል። እሳቸው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የጎማውን እምብርት ሲመረምሩ የቁልፉን አንዱን ጫፍ እምብርቱ ላይ ያደርጉና ሌላውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ጎማውን ያሽከረክሩታል። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጆሮ የማይሰማውን ጥርስ ይሰማል። የተሰነጠቀች ኳስ ካለች ጥርስ ላይ እንደ ጠጠር ትመጣለች። እኔም ስጀምር ፊቴን አጨማድጄ ምንም አልሰማ ስል ይስቁብኝና “አትቸኩል፣ አንተ የምትሰማው የራስህን ልብ ነው” ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ለብዙ ጊዜ የሰማሁት እሱን ብቻ ነበር።

ከሳቸው ከወጣሁ በኋላ ለወባ መከላከያ ሠራተኞች ብስክሌት ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። እነዚያ ሰዎች የርጭት ጣሳቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ቆላውን ሲያዳርሱ የሚውሉ ናቸው፤ ብስክሌታቸው እንደነሱ ደካማ ነበረች። የቢሮው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ጥፍር የምታህል ላስቲክ ለመለጠፍ ፊርማ ይፈልግ ነበር። ደመወዙም ከወር ወር አያደርስም፤ ስለሱ ይብቃን። በኋላ በራሴ ሆንኩ፣ በገበያ ቀን ዋጃና ሮቢት እየሄድኩ፣ ሌላውን ቀን ቆቦ። ያ ዘመን ደግ ነበር። ቆይቶ ባጃጅ መጣ፤ ሰው መቀመጥን ለመደ። አልፈርድበትም፣ እኔም አሁን በባጃጅ ነው ገበያ የምሄደው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ነገሬ ልግባ። ቆቦ ሜዳ ነው። በምዕራብ በኩል ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል፣ በምሥራቅ ዞብል አለ፣ መሃሉ ግን እንደ ተዘረጋ የቆዳ ጀንዲ ለጥ ያለ ነው። በወጣትነቴ ለውድድር የሚዘጋጁ ልጆች ነበሩ፤ ዳገት የት ይለማመዱ? ጋሽ እንድሪስ በበጋ ወደ ጎሊና ወንዝ ይዘዋቸው ይወርዳሉ። ውኃው ደርቆ አሸዋ ብቻ ነው። እዚያ አሸዋ ላይ ያስነዷቸዋል። አሸዋ ላይ ብስክሌት በራሷ አትሄድልህም፣ እግርህን ለአፍታ ካሳረፍክ ትቆማለህ፣ ከቆምክ ትወድቃለህ። “የሜዳ ሰው ዳገቱ ይሄ ነው” ይሉ ነበር። የእኛ የዳገት መለማመጃ ያቺው አሸዋ ነበረች።

እንግዲህ መዲና ወደምትባለው ልጅ ልምጣ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። ከቆቦ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ላይ ወንዶቹን ጥላቸው ትሄዳለች። በሜዳ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። ከዕለታት አንድ ቀን ስፖርት የሚያስተምረው ዳዊት የሚባል ልጅ አንድ ትልቅ ክለብ ሴት ብስክሌት ጋላቢዎች ሊመለምል ነው የሚል ወሬ ይዞ መጣ። መንገዱ እንደተከፈተ ፈተናው ከአላማጣ በላይ ግራካሱ ላይ ይሆናል። ግራካሱን ለማያውቅ ልንገር፦ ከአላማጣ ተነስቶ ወደ ኮረም የሚወጣ ጥምዝምዝ ዳገት ነው። መኪና የሚያቃስትበት፣ ፍሬን የሚቃጠልበት፣ ዝንጀሮ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚታዘብበት ቦታ።

የመዲና እናት ብዙ አልተከራከሩም። ባላቸውን በሞት ያጡ፣ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። “አንድ ጊዜ ልሞክር ካልሽ ሞክሪ” አሏት፣ እኔ ባለሁበት። “ካልሆነ ግን ከዚያ በኋላ ብስክሌት የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይነሳ። ሱቁን ትይዣለሽ፣ ሰው እንደሚኖረው ትኖሪያለሽ።” መዲና እሺ አለች። ፊቷን ግን አየሁት። ለሷ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ክለቡ የሚቀበለው ዕድሜም ሊያልፋት ምንም አልቀራት።

መንገዱ ዝግ ነው፤ ዳገቱ ጋ መድረስ አይቻልም። ዳዊት ደሴ ካለ ወዳጁ አንድ መለማመጃ መሣሪያ ተውሶ አመጣ። እነሱ ትሬነር ይሉታል። የብረት እግር ነው፤ የብስክሌቷን የኋላ ጎማ ከመሬት ከፍ አድርጎ ይይዛታል። ጎማው ከታች በአንዲት ተሽከርካሪ ብረት ላይ ይጫናል። በብረቷ ጎን ከባድ ክብ ብረት አለ፣ ውስጧም መግነጢስ አለ። መሪው ላይ በምትታሰር ትንሽ እጀታ መግነጢሱን ስታቀርበው ፔዳሉ ይከብዳል፣ ስታርቀው ይቀላል። ዳዊት እንደነገረኝ ትልልቅ ከተማ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አለ፤ ከስልክ ጋር እየተነጋገረ፣ የተራራውን ሥዕል እያሳየ፣ ዳገቱ ሲመጣ በራሱ ጊዜ ይከብዳል። ግን መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ተራራውም ይጠፋል ማለት ነው፤ ለቆቦ የሚሆን አይደለም ብለን ሳቅን።

መሣሪያው እኔ ግቢ ተተከለ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር። ሠፈሩ ሁሉ ሊያየው መጣ። በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ የማይቀልድ አልነበረም።

“መዲና፣ ዋጃ ደረስሽ ወይ?”

“ደርሼ ተመልሻለሁ” ትላለች ቀና ሳትል።

ልጅቷ ጠንካራ ናት። በቆቦ ሙቀት ላቧ ከአገጯ እየተንጠባጠበ ከሥሯ መሬቱን ታረጥበዋለች። እኔም ከመተከዝ ወጣሁ። ብረት ነካሁ፣ ሰንሰለት ቀባሁ። ባለቤቴ “ዛሬ ምግብ በልተሃል” አለችኝ፤ ልብ ብዬም አላውቅ፣ ለካ ከዚያ በፊት አልበላም ነበር።

ዳገት ለማስመሰል የፊት ጎማው ከፍ ማለት አለበት አለ ዳዊት። ልክ ነው። ግን ምን ያህል? እንግዲህ ሦስታችንም የሜዳ ልጆች ነን። ግራካሱን በመኪና ተኝተን ካለፍን በቀር አናውቀውም። ብስክሌቷ በብረት እግሩ ላይ ተተክላ ሳለች ዳዊት ወደ ምዕራብ ያለውን ተራራ አየ፣ እኔም አየሁ። ከኛ ግቢ ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው። በዓይናችን ለክተን ብሎኬት በብሎኬት ላይ ደረብን። መዲና ኮርቻው ላይ ስትወጣ ፈረስ በሁለት እግሩ የቆመባት ትመስል ነበር። መግነጢሱን እስከ መጨረሻው አጠበቅነው። ማርሹን ደግሞ በምትወደው፣ በሜዳው በለመደችው በትልቁ አደረገችው። እንዲህ አድርጋ ስታሽከረክረው ውላ ስታድር፣ “ይሄን የገፋች ግራካሱን ትበላዋለች” አልን። ዳዊት ሰዓቱን እያየ ደስ ይለዋል። እኔም ደስ ብሎኛል። ሰው የፈራውን ነገር ሲያገዝፈው የተዘጋጀ ይመስለዋል።

መንገዱ ተከፈተ። ፈተናው ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን ሄደን እንሞክረው ተባለ። ብስክሌቷን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነን ሦስታችን አላማጣ ሄድን። መዲና ከዳገቱ ግርጌ ተነሳች። እኛ በኮንትራት በያዝናት ባጃጅ ከኋላ ተከተልን።

መጀመሪያው ጥሩ ነበር። በሜዳ ልማዷ በትልቁ ማርሽ ተምዘግዝጋ ገባች። የመጀመሪያውን ኩርባ ስትዞር በውስጥ በኩል ገባች፤ እዚያ ጋ መንገዱ ድንገት ይነሳል። ብስክሌቷ ፍጥነቷን ጣለች። መዲና ከኮርቻው ተነስታ በሙሉ ጉልበቷ ረገጠች። ግቢያችን ውስጥ ስትነሳ ብስክሌቷ በብረት ስለታሰረች ንቅንቅ አትልም፤ እዚህ ግን ወደ ግራ ሄደችባት፣ ወደ ቀኝ ሄደችባት። ማርሽ ልትቀይር ስትል አንድ አፍታ እግሯን አሳረፈች። ያቺ አፍታ በቂ ነበረች። ግቢዬ ውስጥ ያለችው ብስክሌት እግር ሲያርፍ ዝም ብላ ትሽከረከራለች፤ ይህቺ ግን በቁሟ ቀጥ አለች። መዲናም እግሯ ፔዳሉ ላይ እንደታሰረ በጎኗ ወደቀች። ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በአጠገቧ አለፈ።

ወርደን አነሳናት። ጉልበቷ ተልጧል፤ ከመላጡ ግን ውስጡ ይብሳል፣ ለካ በከባድ ማርሽ ሲታሽ ሰንብቶ ነበር። ዳዊት ትንሽ እንረፍና እንሞክር አላት። ድጋሚ ወጣች፣ ከሁለተኛው ኩርባ በታች ከብስክሌቷ ወረደች። ሦስተኛ አልሞከረችም። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ ወደታች ሜዳውን እያየች ቆየችና፣

“ጋሽ ሙሔ፣ ይሄ ሌላ ነው” አለችኝ። “እኔ የለመድኩት ይሄን አይደለም።”

አብሽሪ አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ባዶ ነበር።

ቆቦ ስንመለስ እናቷ ጉልበቷን በሞቀ ውኃ ያዙላት፣ ከዚያ ሱቅ ውስጥ ወንበር አስገቡላት። ያ ወንበር ከንግግር ይከፋ ነበር። እኔም መሣሪያውን ፈትቼ ግድግዳ ጥግ አስደገፍኩት። ብሎኬቶቹ እንደተደረደሩ ቀሩ። ለባለቤቴ ከዚህ በኋላ ብረት የሚባል አልነካም፣ ዕድሜዬ የሚነግረኝን ባለመስማቴ የሰው ልጅ ላይ ጉዳት አደረስኩ አልኳት። ምግብም ተመልሶ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ኒሟ ሥር እቀመጣለሁ። ሰው ሲመጣ ሰላም እላለሁ፣ ሲሄድ አልሸኝም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ አንድ ቀን ጠዋት ሹፌሩ መጣ። ሹፌሩ የምለው ከኛ ሁለት አጥር አልፎ የሚኖር እኩያዬ ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። ዕድሜውን በሙሉ ተሳቢ ያላት የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው መሪውን የተወ ሰው ነው። ኮረም ነው የተወለደው፤ መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ከእህቱ ተቆራርጦ፣ ከቤቱም ብዙ ሳይወጣ ነው የከረመው። ለምን እንዳልወጣ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። የዚያን ቀን የመጣው የመመርኮዣው ጫማ አልቆ ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ እንድቆርጥለት ነው።

እየቆረጥኩለት ሳለ እግሩ ብሎኬቶቹን መታ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ።

“ዳገት ነው” አልኩት። ሌላ ስም አልነበረውም።

ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው። ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ዳሰሰው። ከዚያ ሳቀ፣ ከልቡ ሳቀ።

“የማን ዳገት ነው? የጦጣ?”

“የግራካሱ።”

“አንተ ሰው፣ እኔ እኮ በዚያ መንገድ ስንት ዘመን እህል ጭኜ ወጥቻለሁ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ተሳቢው ከነእህሉ አላማጣ ገበያ ላይ ይወርድ ነበር።” ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ተራራውን በፊቱ ለካችሁት፣ ሙሔ። መንገድ ግን በተራራ ፊት አይወጣም። በጎኑ ነው የሚወጣው፣ እየተለማመጠ።”

ጎማውን መቁረጤን ተውኩ። ጋሽ እንድሪስ ፊቴ የቆሙ መሰለኝ። የት ነው የምትነዳት የምትለዋን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ለደንበኛ ስጠይቅ ኖሬ፣ ለዚህ መሣሪያ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩለትም። እና ጠየቅኩት። መንገዱን ንገረኝ አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ፤ ለነገሩ ክፍት ቢሆንም ብዙ አያይለትም። ግራ እጁ መሪ ያዘ፣ ቀኝ እጁ ማርሽ ያዘ፣ ኒሟ ሥር ተቀምጦ ግራካሱን ወጣ። “ከድልድዩ በኋላ ሦስተኛ ነው። ጥድ እስክታሸት ድረስ አትቸኩል። አሁን ኩርባ፣ ሁለተኛ፤ ኩርባውን በውጭ በኩል ያዘው፣ ውስጡ ገደል ነው የሚሆንብህ። ከኩርባው ስትወጣ ትንሽ ትለቅሃለች፣ ተንፍስ። እዚህ ጋ አንደኛ...” ሲጨርስ ግንባሩ ላቦ ነበር። መንገዱ ውስጡ አለ። ከባድ ብቻ አይደለም፤ ይከብዳል፣ ይለቃል፣ ያታልላል፣ ደግሞ ይከብዳል። የኛ መሣሪያ ደግሞ አንድ ወጥ ግድግዳ ነበረች።

ዳዊትን አስጠራሁት። ኩሩ ልጅ አይደለም፤ ሰምቶ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀና እሱም የሚያውቀውን ጨመረልን። ያቺ ከባድ ክብ ብረት በፍጥነት ስትሽከረከር ጋላቢዋን ራሷ ትገፋታለች፤ ያ የሜዳ ስሜት ነው አለ። በትንሹ ማርሽ ጎማው ዝግ ካለ ግን ብረቷ የምትሰጠው ግፊት ይቀንሳል፣ እግር ሲያርፍ ቶሎ ይቆማል፣ ያኔ ዳገት ይመስላል። እኔም “የጎሊና አሸዋ” አልኩ። “አዎ፣ እንዳሸዋ” አለ። ሁለታችንም አንድ ነገር በሁለት በኩል ይዘን ነበር።

መዲናን ከሱቁ ማስወጣት ግን ቀላል አልሆነም። እናቷ ጋ የሄደው ሹፌሩ ነው። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ በኋላ እንደነገሩኝ ግን ክርክር አልገጠመም፣ “ያቺ ልጅ የወደቀችው ዳገት ላይ አይደለም፣ እኛ የሠራነው ውሸት ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ትሞክር ያልሽው ገና አልተሞከረም” ነው ያላቸው። እናቷ ወንበሩን አነሱት።

ጉልበቷ እስኪሻላት ጠበቅንና መሣሪያውን እንደገና ተከልነው። ከብሎኬቶቹ አንዷን ብቻ፣ እሷንም በጎኗ አስተኝተን አስቀረን። ሹፌሩ ከቤቱ የድሮ መኪናውን የውስጥ ጎማ አመጣ። በግማሽ ነፋሁትና ላዩ ላይ ወፍራም ሳንቃ አደረግኩ፣ መሣሪያውን ሳንቃው ላይ አሠርኩ። አሁን መዲና ከኮርቻው ስትነሳ ብስክሌቷ ከሥሯ ትወዛወዛለች፤ በመጀመሪያው ቀን ልትወድቅ ብላ ዳዊትን አንገቱን አቀፈችው። እሱ ቀይ ሆነ፣ እኛ አላየንም አልን።

በትንሹ ማርሽ ሲሆን ደግሞ መግነጢሱ ብቻውን አልበቃ አለ። ስለዚህ እኔ ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና የኋላውን ፍሬን ሽቦ በእጄ ያዝኩ። ሹፌሩ በጎኗ ይቀመጣል። እሱ መንገዱን ይናገራል፣ እኔ ሽቦውን እስባለሁ ወይም እለቃለሁ፣ እሷ ትወጣለች።

“ጓለይ” ይላታል፣ ልጄ ማለት ነው በሱ ቋንቋ፣ በትግርኛ። “አሁን ኩርባው መጣ። ሳይከብድሽ በፊት ማርሽ ቀይሪ፣ ከከበደሽ በኋላ የሚቀይር ሹፌር መኪና ያቆማል። ተነሽ። እንዲያ። አሁን ለቀቀሽ፣ ተቀመጪ፣ ተንፍሺ።”

እጄ ይንቀጠቀጣል ብያችኋለሁ። ሽቦውን ስይዝ ፍሬኑም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉ ያዝ ለቀቅ ይላል። አፈርኩና ይቅርታ ስላት መዲና ወደ ሹፌሩ ዞረች።

“ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?”

“አስፋልቱ የተበላበት ቦታ ነው” አላት ሳያመነታ። “በርቺ፣ ረጅም ነው።”

ያን ያህል የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፍሬኑ ሲግል ላስቲኩ ይሸታል። ሹፌሩ በአፍንጫው ይስብና “አሁን ግራካሱ ሆነ” ይላል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ዳገትን በእርግጥ ያስመስላል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ የሠፈር ልጆች አሁንም ይጠይቁኛል። የማውቀውን እላለሁ። እግርን አይዋሽም፤ እግር የከበደውን ከብዶታል። ሳንባም ያውቃል፣ ዝግ ባለ ግቢ ውስጥ እንዲያውም ይብሳል፣ ነፋስ የለምና። ሰውነት ግን እግርና ሳንባ ብቻ አይደለም። ሚዛን አለ፤ እሱን በውስጥ ጎማና በሳንቃ ትንሽ ታመጣዋለህ። የመንገዱ ጠባይ አለ፤ እሱን የሚያውቀው ሰው ካልነገረህ ብረት አይነግርህም። ፍርሃት አለ፤ ጥሩምባ የሚነፋ የጭነት መኪና በአጠገብህ ሲያልፍ፣ ከጎንህ ገደሉ ሲከፈት። ላይ ስትወጣ ደግሞ አየሩ ይሳሳል፣ ይበርዳል። ይሄን ግቢዬ ውስጥ አላመጣሁትም፣ የሚያመጣም ያለ አይመስለኝም። ዳገቱን ሳይሆን የዳገቱን ሰላምታ ነው የምታስተምረው። ሲያገኝህ እንዳትደነግጥ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች ነበሩ፣ ተራራ ላይ ያደጉም አሉባቸው፤ ጭናቸውን አይቼ ልቤ ፈራ። የመዲና እናት አልመጡም፣ ግን ውኃ መያዣዋን በራሳቸው እጅ ሞልተው ልከዋል። እኔና ሹፌሩ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ከኋላ በሚከተለው ሚኒባስ ገባን። እሱ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፣ እምብዛም የማያይ ሰው መስኮት ይዞ።

ሲነሱ ብዙዎቹ ተፈተለኩ። መዲና ከኋላ ቀረች። ከኛ ጎን የተቀመጠች ሴት “ያቺ የናንተዋ አልቻለችም” አለችን በማዘን። ሹፌሩ በጆሮው ሞተሩን እያዳመጠ “ሦስተኛ ላይ ነን፣ ገና ነው” አለ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ስንደርስ እጄን ያዘኝ።

“አሁን በውጭ በኩል መያዝ አለባት።”

“ይዛለች” አልኩት።

“አሁን ተነስታለች?”

ከኮርቻዋ ተነሳች። ብስክሌቷ ከሥሯ ግራና ቀኝ እንደ ሳንቃችን ተወዛወዘች፣ እሷ ግን ከላይ ቀጥ ብላለች። “ተነስታለች” አልኩት። “አሁን ትቀመጣለች” አለ፤ ተቀመጠች። እንዲህ እያልን ኩርባ በኩርባ ወጣን። እሱ የሚያያት እንጂ የማያያት አይመስልም። ቀድመው የተፈተለኩት አንድ አንድ እያሉ ወደ ኋላ ይመጡብን ጀመር። አንዷ ወርዳ ብስክሌቷን እየገፋች ነበር፣ አሳዘነችኝ።

ከላይ በኩል፣ ጥዱ ከሚጀምርበት አልፎ፣ ጎርፍ አስፋልቱን የበላበት ቦታ ደረስን። ልቅ ጠጠር ብቻ ነው። ከሹፌሩ ዘመን በኋላ የሆነ ነገር ነው፤ በግቢያችን ካለው ግራካሱ ውስጥ አልነበረም። ሚኒባሱ ሲንገጫገጭ ፊቱ ተለዋወጠ።

“ምንድን ነው ይሄ? እዚህ ጋ አስፋልት ነበር።”

“ሄዷል” አልኩት። “ጎርፍ ወስዶታል።”

“አልነገርኳትም” አለ። “ሙሔ፣ ይሄን አልነገርኳትም።”

የመዲና የኋላ ጎማ ጠጠሩ ላይ ሸሸ። ከኮርቻዋ ተነስታ ነበር፤ የኋላው ቀለለና በባዶ ተሽከረከረ። አንድ ጊዜ ተንገዳገደች። ፊቴን ልሸፍን ነበር፣ እጄን ሹፌሩ ይዞታል። እሷ ግን ማንም ሳይነግራት ወደ ኋላ ተቀመጠች፣ ክብደቷን ጎማው ላይ ጣለች፣ ማርሹን አወረደችና እግሯን ሳታሳርፍ ዝግ ብላ ጠጠሩን አኘከችው። ይሄን የሚያደርግ ሰው ያየሁት ድሮ፣ ጎሊና አሸዋ ውስጥ ነው። እሷን ግን ወንዝ አውርጄ አላውቅም። ይሄ የራሷ ነው።

“አለፈች” አልኩት። እጄን ለቀቀኝና ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ ሞራው ነው የሚያስነባኝ ብሎ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ብስክሌቷን አስደግፋ ቆማለች። ብርዱ ላቧን አድርቆባት ትንቀጠቀጣለች፤ እኔ ኮቴን አለበስኳት፣ ሁለታችንም አብረን ተንቀጠቀጥን። አንደኛ አልወጣችም። የክለቡ ሰዎች ስም መጥራት ጀመሩ፣ ዳዊት ወዲያ ወዲህ ይላል። ስሟን ከተጠሩት መሃል ሰማነው። ዳዊት ደግሞ እንዲጠሩት ለመናቸው፤ እውነት መሆኑን ሊያረጋግጥ። አልሀምዱሊላህ። ለእናቷ እዚያው ደወለችላቸው፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ወደታች ወደ ሜዳው ዞረች። ዛሬ የክለቡ ልጅ ናት፤ ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው እናቷ ሱቅ ነው፣ ሁለተኛ እኔ ጋ።

ሁላችንም ወደ ቆቦ ልንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ ሹፌሩ አልገባም። ኮረም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ እህቱ በሕይወት መኖሯን ሰምቷል፣ ድምጿን በስልክ ሰማ እንጂ መልኳን ካየ ቆይቷል። ወደ ኮረም የሚሄድ አንድ አይሱዙ አስቁመንለት ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥነው። መዲና እጁን ሳመችው። ገና ሳይነሱ ለወጣቱ ሾፌር ስለ መጪው ቁልቁለት ይነግረው ጀምሯል።

ሠፈሩ ሁሉ ሹፌሩ ስለሚለው እኔም እስካሁን ድረስ በዚያው ነው የጻፍኩት። ግን የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ኒም ሥር አንገቴን ደፍቼ እንዳይሆን ያደረገ፣ ተራራውን ግቢዬ ድረስ ያመጣልኝ ሰው ስም አለው። ሐጎስ ወልዱ ይባላል።